ለሁለት ቀን ዕረፍት በእስያ፦ የት እንሂድ? ምን እንብላ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሳምንታት ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ። ጸሐፊዎቹ ወደ እስያ የሚሄዱት በየራሳቸው ምክንያት ነው፤ አንዱ ዕቃ ሊያመጣ፣ ሌላዋ አባቷን ልታሳክም፣ ሦስተኛው ሊማር። የሚጠይቁን ግን ስለ ሥራቸው ሳይሆን በመካከሉ ስለሚያገኟት የቅዳሜና የእሑድ ዕረፍት ነው። ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ላይ ልንመልስላቸው ወደድን። ከደሴ ተነሥቶ ዓሣ ሊበላ ሐይቅ የወረደ ሰው በዚያው ቀን ላሊበላንም ደርሼ ልመለስ አይልም፤ ባሕር ሲሻገር ግን ያው ሰው በሁለት ቀን ሦስት ከተማ ካላዳረስኩ ብሎ ዕረፍቱን በመናኸሪያና በባቡር ጣቢያ ይጨርሰዋል። የእኛ ምክር ቦታው አንድ ይሁን፣ ቅርብ ይሁን፣ ከመነሣትዎም በፊት ምሳ የት እንደሚበሉ ይወቁ የሚል ነው። በተለይ የሚጾም ወይም ሀላል የሚጠብቅ ሰው ይህን የመጨረሻውን ነገር ችላ ካለ ቀኑን ሙሉ ብስኩት ሲቆረጥም ይውላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። በኮምቦልቻ ከተማ የቤት ዕቃና የሴራሚክ ንጣፍ ነጋዴ ነኝ። በጥቅምት ወር ለጓንዡ የንግድ ትርዒት እሄዳለሁ፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መካከል ሦስት ቀን ያህል ሥራ የለኝም። ጓደኞቼ «ባቡሩ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ሆንግ ኮንግን አይተህ ተመለስ» ይሉኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ምግቡ ነው። ሀላል ምግብ በቀላሉ አገኛለሁ ወይ?

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም ወንድማችን። ስለ ባቡሩ ጓደኞችዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ በ2018 የተከፈተው ፈጣን ባቡር ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ ተነሥቶ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያለው ምዕራብ ካውሉን ጣቢያ ይገባል። ያልነገሩዎት ግን ዋናውን ነው። ሆንግ ኮንግ በ1997 ወደ ቻይና ብትመለስም የራሷ የኢሚግሬሽን አሠራር ስላላት፣ ከጓንዡ ወደዚያ መሻገር ከቻይና እንደ መውጣት ይቆጠራል። የያዙት ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ድንበሩን ሲያልፉ አበቃ፤ ሻንጣዎና ያዘዙት ዕቃ ጓንዡ ላይ፣ እርስዎ ደግሞ ማዶ ቀሩ ማለት ነው። ማካውም እንደዚሁ ነው። ሁለት ወይም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ከሌለዎት፣ ሆንግ ኮንግ ራሷ የምትጠይቀውንም ካላሟሉ፣ ይህን ሐሳብ ለሌላ ጉዞ ያቆዩት።

እኛ የምንመክርዎ ፎሻንን ነው። ከ2010 ጀምሮ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ የከተማ ባቡር ስላለ፣ ከጓንዡ መሐል ተሳፍረው ዙሚያኦ በሚባለው ጣቢያ ሲወርዱ ጣቢያው ስሙን ያገኘበት ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነዎት። የእርስዎ ሥራ ሴራሚክ በመሆኑ ግን ቤተ መቅደሱን ቶሎ ጨርሰው ሺዋን ወደሚባለው የከተማዋ ክፍል እንዲሄዱ እንሻለን። እዚያ ናንፌንግ የተባለ የሸክላ ማቃጠያ አለ፤ በተዳፋት መሬት ላይ ሽቅብ የተጋደመ ረጅም የጡብ ዋሻ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ በጀርባው ላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች እንጨት ቁልቁል እየጨመሩ ያነዱታል። ከ500 ዓመት በፊት በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ከተሠራ ወዲህ እሳቱ አልተቋረጠም ይላሉ። ለመደርደሪያዎ ንጣፍ የሚመርጡባት ከተማ የሸክላ ሥራዋን ከየት እንደጀመረች ማየት የሚከፋዎት አይመስለንም።

ጊዜ ከተረፈዎ የፎሻን ወረዳ የሆነችው ሹንዴ በምግቧ የታወቀች ናት፤ ዩኔስኮ በ2014 የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ መዝግቧታል። የሹንዴ ሰዎች በዓሣ አሠራር ይኮራሉ፣ ነገር ግን በተለመደው ምግብ ቤት ድስቱም ዘይቱም ከአሳማ ስብ የጸዳ ነው ማለት አይቻልም። ያለ ስጋት ሊቀምሱ የሚችሉት «ሹዋንግ ፒ ናይ» የሚሉትን ነው፤ ከጎሽ ወተት፣ ከእንቁላል ነጩና ከስኳር ተሠርቶ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል። ስሙ ባለ ሁለት ቆዳ ወተት ማለት ነው። ትኩሱ ወተት ሲሰክን ከላይ ስስ እርጎ መሳይ ቆዳ ይሠራል፤ ወተቱን ከሥሩ ቀድተው ከእንቁላሉ ጋር ይመቱታል፤ ከዚያ በዚያው ቆዳ ሥር መልሰው አፍስሰው በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ሁለተኛ ቆዳ ይወጣዋል።

ስለ ሀላል ምግብ ያለብዎት ስጋት ጓንዡ ላይ ብዙም አያስቸግርም። የሚፈልጉት ቃል «ቺንግጀን» ነው፤ ሀላል ማለት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ከዐረብኛ ጽሑፍ ጋር ተጽፎ ያዩታል። የአፍሪካና የዐረብ ነጋዴዎች በሚበዙበት ሺያዎቤይ ሰፈር ምግብ ቤቱ ብዙ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የላንዡ የበሬ ሥጋ ኑድል የሚሸጥባትን ትንሽ ቤት ይፈልጉ። እዚያ ሠራተኛው የለፋውን ሊጥ በሁለት እጁ ይዘረጋዋል፣ ያጥፈዋል፣ ሰሌዳው ላይ በኃይል ያነጥፈዋል፣ ደግሞ ይዘረጋዋል። በእያንዳንዱ እጥፍ ክሩ በእጥፍ ስለሚበዛ በሰባተኛው ላይ 128 ክር ይሆናል። ከዚያ ወደሚፈላው ውሃ ይወረወርና ከአፍታ በኋላ በመረቅ፣ በሥጋ፣ በድንብላል ቅጠልና በቀይ በርበሬ ዘይት ፊትዎ ይቀመጣል። በርበሬውን ሲያዩ አይፍሩ፤ ለወሎ ሰው ልጅ ነው።

ጁምዓን በዚያ ከዋሉ በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ባለው ሺያንሺያን መስጊድ ይስገዱ፤ ብዙ የውጭ ሀገር ነጋዴ የሚሰግድበት ሲሆን፣ ከሶላት በኋላ በራፉ ላይ ጥብስና ዳቦ ይሸጣል። በግቢው ያለው መቃብር የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ የነበሩት የሰዓድ ኢብን አቢ ወቃስ ነው የሚል ትውፊት አላቸው። እንዲያውም ሰዓድ ወደ ቻይና የተሻገሩት ከሐበሻ ምድር ተነሥተው ነው የሚሉ አሉ። የታሪክ ሰዎች ይህን አይቀበሉትም፤ ሰዓድ ያረፉት መዲና ነውና። ቢሆንም ከዚህ ሄዶ እዚያ ሲሰሙት ደስ የሚል ወሬ ነው። በስተመጨረሻ ስለ ገንዘብ፦ ጓንዡ ላይ ሻይ እንኳ በስልክ ስለሚከፈል፣ የክፍያ መተግበሪያ ካላወጡ ዝርዝር ዩዋን ከኪስዎ አይለይ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። አባቴን ለሕክምና ወደ ባንኮክ ይዤ እሄዳለሁ። ጉዟችን ከገና ጾም ጋር ስለገጠመ ጭንቀቴ በዝቷል፤ አባቴ ጾም የሚፈታ ሰው አይደለም። ምርመራው ዓርብ ተጠናቅቆ ውጤቱ ሰኞ ይሰጣችኋል ተብለናል። ሁለቱን ቀን ሆቴል ውስጥ ተዘግቶበት ከሚውል የት ልውሰደው? ምንስ ላብላው?

መልስ፦ እግዚአብሔር አባትዎን ይማርልዎ። መጾም ይችሉ እንደሆነ አስቀድመው ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ይጠይቁ፤ የሁለቱን ቃል ይዘው ከሄዱ እዚያ ከአባትዎ ጋር ክርክር አይገጥሙም። ወቅቱ ራሱ መልካም ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የባንኮክ ሙቀት ረገብ ይላል። ረገብ ይላል ስንል ግን በጦሳ ሥር ላደገ ሰው ያው ሙቀት ነውና ጋቢውን ለአውሮፕላኑ ብቻ ያስቡት።

በታይላንድ የጾመኛ ችግሩ የሥጋ አይደለም፤ ዓይን የማያየው «ናም ፕላ» ነው። ይህ ከተቦካ ዓሣ የሚወጣ ጨዋማ ፈሳሽ ሲሆን፣ እኛ ጨው በምናደርግበት ቦታ ሁሉ እነርሱ እርሱን ያደርጋሉ። አትክልት ብቻ ብለው ያዘዙት ምግብም በእርሱ ተጣፍጦ ይመጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአበው እንተወውና፣ አባትዎ የማይበሉ ከሆነ አትክልት የሚለው ቃል እንደማያድንዎት ይወቁ። «ማንግሳዊራት» የሚለው ቃልም ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ እንቁላልና ወተትን አያስቀርም። የእርስዎ ቃል «ጄ» የሚለው ነው። ጄ የሚበላ ሰው ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ የዓሣውንም ፈሳሽ አይነካም፤ ነጭና ቀይ ሽንኩርትን ሳይቀር ይተዋል፣ ስለዚህ ከእኛ ጾም አንድ እርምጃ ይጠብቃል። ምልክቱ ቢጫ ሰንደቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል ሲሆን፣ ለእኛ ዓይን ቁርጥ 17 ቁጥርን ይመስላል። በሆቴሉ አካባቢ 17 የተሰቀለበትን ቤት ዓርብ ማታ አይተው ካደሩ የቅዳሜ ምሳ ተገኘ ማለት ነው። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ አባትዎን ቅር ሊያሰኛቸው ይችላል፤ ያኔ ሱኩምቪት መንገድ ላይ ሦስተኛው ቅያስ አካባቢ ባሉት የዐረብ ምግብ ቤቶች ፉል፣ ሁሙስና ፈላፈል ያገኛሉ። ፉሉ ላይ ቅቤ ወይም እርጎ እንዳይጨመር ብቻ ይንገሩ።

ከጣፋጩ አንዱን ሳያስቀምሷቸው እንዳይመለሱ፦ ሙጫ ያለው ሩዝ በኮኮናት ወተትና በስኳር ተነክሮ ከበሰለ ማንጎ ጋር የሚቀርበውን። ወተት የተባለው ከኮኮናት የተጨመቀ በመሆኑ ጾም አይፈታም። የማንጎው ዋና ወቅት ሚያዝያና ግንቦት ቢሆንም በሌላውም ጊዜ አይጠፋም።

ስለ ቦታው፣ አባትዎ ብዙ እንዳይራመዱ እንፈልጋለን። ቅዳሜን በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ ያሳልፉት፤ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባው ርካሽ ነው፣ ተቀምጠው ከተማውን ያያሉ፣ ዋት አሩን የሚባለው ቤተ መቅደስም ከወንዙ ላይ ሆነው ሲያዩት ያምራል። ወደ ግቢው ከገቡ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ነው፤ እንግዶች በር ላይ መሸፈኛ ሲፈልጉ እርስዎ ነጠላዎን ማጣፋት ብቻ ይበቃዎታል። እሑድን ደግሞ ባንግ ክራቻኦ ወደሚባለው ሰፈር ይሻገሩ። ወንዙ ሊከበው ምንም ያህል ያልቀረው፣ ፎቅ ያልበቀለበት የዛፍና የቦይ መንደር ነው፤ ባንግ ናም ፉንግ የተባለው ገበያውም ቅዳሜና እሑድ ይቆማል።

ብዙ ሰው አዩታያን ሳታይ አትመለስ ይልዎታል። ከባንኮክ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከ1350 ጀምሮ በርማዎች በ1767 እስካወደሟት ድረስ የሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ ዋና ከተማ ነበረች። ፍርስራሹ ሰፊ ነው፣ ጥላ የለውም፣ ለታማሚ በእግር አይሆንም። ሆኖም ከተማዋ በሦስት ወንዞች የተከበበች ደሴት ስለሆነች በጀልባ ዙሪያዋን መዞር ይቻላል። ሐኪሙ ከፈቀደ መኪና ተከራይተው ማልደው ይሂዱ፣ ጀልባውን ይያዙ፣ ከቀትር በፊት ይመለሱ። ካልፈቀደ ወንዙና ገበያው ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። በሕንድ ፑኔ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። ገንዘቤ የተማሪ ነው። በቅዳሜና እሑድ ደርሼ የምመለስበት፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትርጉም ያለው ቦታ ካለ ብትጠቁሙኝ። በባርነት ሄዶ ሕንድ ላይ ስለ ገነነው ኢትዮጵያዊ ስለ ማሊክ አምባር ሰምቻለሁ፤ መቃብሩ ሩቅ ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ የዓምዱን አዘጋጅ ልብ ስለነካ መልሱ ቢረዝም ወንድማችን ይቅር ይበለን። እኔም ፑኔ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁና ከቅርቡ ልጀምር።

በመጀመሪያው ወር እሑድ ጠዋት ወደ ሲንሃጋድ ይውጡ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የተራራ ላይ ምሽግ ናት፤ በ1670 የማራታው ጦር አዛዥ ታናጂ ገደሉን በሌሊት ወጥቶ የያዛትና ሕይወቱንም የሰጠባት ናት። ከሥር ተነሥቶ በእግር የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ ጦሳን ለወጣ ሰው አያቅትም። እኔ ግን የምልክዎት ለምሽጉ ብቻ አይደለም። ከላይ ሲደርሱ ሴቶች ዳስ ሥር ምድጃ አንድደው ያገኟቸዋል። የማሽላ ዱቄት በሙቅ ውሃ አሽታ፣ ድቡልቡሉን በመዳፏ እየጠፈጠፈች ታሰፋዋለች፤ ምጣዱ ላይ ታገላብጠውና በመጨረሻ በቀጥታ ፍሙ ላይ ስታስጠጋው እንደ ፊኛ ይነፋል። ባክሪ ይሉታል። አብሮ የሚቀርበው ፒትላ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከሽንኩርት፣ ከእርድና ከሚጥሚጣ የሚሠራ ወፈር ያለ ወጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው ሳህኑን ትኩር ብዬ አየሁት፤ ሽሮ ነው። በጎኑ ያለው ቴቻ ደግሞ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት አብሮ ተወቅጦ የሚሠራ ሲሆን፣ ዳጣ ብለው ቢጠሩት የሚከራከርዎት የለም። ከመሬት ተቀምጦ፣ በእጅ፣ ከቤት ሁለት ባሕር ርቆ የማሽላ ቂጣ በሽሮ መብላት ምን እንደሚመስል ሄደው ያዩታል። በሸክላ የሚሸጡት እርጎም ጥሩ ነው፤ ጾም ካልሆነ።

ስለ ጾም ካነሣን አይቀር፣ ሕንድ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ የሚያዩት አረንጓዴ ነጥብ ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ነው እንጂ ጾም ነው ማለት አይደለም። ወተት፣ ቅቤና እርጎ በዚያ ሀገር ከአትክልት ወገን ይቆጠራሉ። ምስሩ ላይ የነጠረ ቅቤ ያፈሱበታል፣ ዳቦውን ይቀቡታል። ሲያዝዙ «ቢና ጊ» ይበሉ፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን የፍልሰታ ጾም ግማሹን ስፈታ ነው የከረምኩት።

አሁን ወደ ማሊክ አምባር። ከፑኔ ኦራንጋባድ ከ230 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ አውቶቡሱ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። ከተማዋ ዛሬ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች፣ ትኬት ሲቆርጡ ሁለቱንም ስም ይወቁ። ዓርብ ማታ ተሳፍረው እሑድ ማታ መመለስ ይችላሉ። ከተማዋን በ1610 ካድኪ በሚል ስም የቆረቆራት ራሱ ማሊክ አምባር ነው። በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ፣ በየመንና በባግዳድ በኩል ደከን ወደሚባለው የደቡብ ሕንድ አምባ ደረሰ፤ ከዚያ የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ እስከ መሆን ወጥቶ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩትን የሙጋሎቹን ጦር እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያስጨንቅ ኖረ። ያረፈው በ1626 ነው። ለከተማዋ ከመሬት በታች በተሠራ ቦይ ውሃ ያስገባላት እርሱ ሲሆን፣ ባድካል የሚባለው በርም የእርሱ ሥራ ነው።

መቃብሩ ያለው ኩልዳባድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ የኤሎራ ዋሻዎች ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃሉ። እኔ መቃብሩን ያየሁት በራሴ ስንፍና ምክንያት ነው። የኮሌጁ በዓል ሰኞና ማክሰኞ ላይ ውሎ ስለነበር ኤሎራ የደረስኩት ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ኤሎራ ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ነው። ዘበኛው በጣቱ ሰሌዳውን አሳየኝና ፈገግ አለ። ያመጣኝ የባጃጅ ሹፌር ከየት ሀገር እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ሀብሺ!» አለና መሪውን ወደ ኩልዳባድ አዞረ። ጉልላት ያለው ጸጥ ያለ ሕንፃ ፊት አወረደኝ። ሰው አልነበረም፤ ሁለት ፍየሎች ከግድግዳው ጥላ ሥር ተኝተዋል። በደጁ ላይ ጥቂት ቆሜ፣ ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ፣ በአማርኛ ነፍስ ይማር አልኩ። ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

ወደ ኤሎራ በሌላ ጊዜ ተመለስኩ፤ በቅዳሜ። 34 ዋሻዎች አሉ፤ የቡድሂስቶች፣ የሂንዱዎችና የጃይኖች። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሁሉንም ለማዳረስ አይሩጥ፤ 16ኛው ላይ ይቀመጥ። ካይላሳ ይባላል፤ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን ከአንድ ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ቤተ መቅደስ ነው። የወሎ ልጅ በቋጥኙ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ሲያየው ቤተ ጊዮርጊስ ትዝ እንዳይለው ማድረግ አይችልም። የላሊበላው ከ400 ዓመት በኋላ የተሠራ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተማረ የሚያሰኝ ነገርም የለም። ነገር ግን ሁለቱንም ያነፀው ሰው ጣሪያውን ሳይጨርስ መሠረቱን ሊያይ አልቻለም። እኔ ለሁለት ሰዓት ያህል የጠራቢዎቹን የመሮ ምልክት ስፈልግ ቆየሁ፤ ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ በሰያፍ የወረዱ ጭረቶች አሉ፤ ጣት ገብቶ ይከተላቸዋል።

ማታ ወደ ከተማ ሲመለሱ የአገሩ ምግብ ናን ቃሊያ ነው፤ በቅመም የተሠራ ቀጭን የሥጋ ወጥ ናን ከሚባለው፣ ከምድጃ ከወጣ ሰፊ የስንዴ ቂጣ ጋር። የእስላም ሰፈር ምግብ ነውና ሀላል ነው። ተማሪ መሆንዎን አንረሳም፤ የኤሎራ መግቢያ ለውጭ ዜጋ ከሀገሬው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በጀትዎ ውስጥ ያስገቡት፤ ሌላው ወጪ ግን ቀላል ነው። አጃንታ የሚባሉትን ዋሻዎች አብሬ ላዳርስ አይበሉ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፣ እነርሱ ደግሞ የሚዘጉት ሰኞ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ዱባይ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ተፈቅዶላታል። ብዙ ሳታወጣ የት ትዋል?

መልስ፦ ዴራ ትሂድ። የሀበሻ ምግብ ቤትም፣ የሀገር ልጅም የምታገኘው እዚያ ነው። ከዚያ ከተማዋን ለሁለት በሚከፍለው የባሕር ክንድ ላይ «አብራ» በምትባለው የእንጨት ጀልባ ወደ ቡር ዱባይ ትሻገር፤ ዋጋው አንድ ድርሃም ነው፤ በዚያ ከተማ በአንድ ድርሃም የሚገኝ ከዚህ የተሻለ ደስታ አናውቅም። ማዶ የድሮዎቹ የአል ፋሂዲ ቤቶች አሉ፣ ለማየት አይከፈልም። ከ2022 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያርፉት ቅዳሜና እሑድ ሆኖ ዓርብ ግማሽ ቀን ስለሚሠሩ፣ ዕረፍቷ ዓርብ ከሆነ መንገዱ ቀለል ይላታል። ከጓደኞቿ ጋር ሙሉ ቀን ካገኘች ደግሞ አል አይን ትሂድ፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። በቴምር ዛፎቹ መካከል በጥንታዊ ቦይ የሚፈሰውን ውሃ ተከትላ በጥላ ስትሄድ ትውላለች። ምሳዋን ግን ቋጥራ ትያዝ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለመንገድ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣና ቡና አዘጋጅታልኛለች። ወደ ቻይና ነው የምሄደው። ሁሉንም መያዝ እችላለሁ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እናትዎ ይኑሩልዎት፤ ቋንጣውንና ጭኮውን ግን ለቤተሰቡ ይተዉት። ቻይና መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አትፈቅድም፤ ጭኮ ደግሞ ቅቤው ነው። አይብና ንጥር ቅቤም ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ ትኩስ ፍራፍሬም አይገባም። ድርቆሹና በሶው የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን በሶን ስም በሌለው ፌስታል ቋጥሮ መሄድ ፈታሹን ያለ ምክንያት ማስጠርጠር ነውና ታሽጎ ስሙ የተጻፈበትን ይግዙ። ቡናውን ጥሬውን ሳይሆን ተቆልቶ የተፈጨውን ይያዙ። ደብዳቤዎ ላይ ያልጠቀሱትን አንድ ነገር እኛ እንጥቀስልዎ፦ ጫት በቻይናም በኤምሬትስም የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ለአንድ ቀን መቃሚያ የምትሆን እንኳ በኪስ አትገኝ። ለጓንዡው ነጋዴም ይኸው ይድረሰው። የፑኔው ወንድማችን ደግሞ ድርቆሹን ይቀንሰው፤ ቂጣውንም ሽሮውንም ሲንሃጋድ ላይ በትኩሱ ያገኘዋል።